በሻማ የተነበበ ውል

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴ አሳፍሮኛል፤ ይቅር በለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ያየሁትን ግን ካንተ ሌላ የማጫውተው ሰው አጣሁ። የአስተርጓሚን ጭንቀት ከአስተርጓሚ በቀር ማን ያውቀዋል?

ከዋሽንግተን ተነስቼ ፔንስልቬንያ ውስጥ ፎርት ኔሴሲቲ የሚባል ቦታ ሄድኩ። ምሽግ ሲሉኝ ግንብ ጠብቄ ነበር። ሜዳ መሃል በግንድ የታጠረ ክብ ነው፤ ወርዱ 16 ሜትር ቢሆን ነው። በጥንቱ ቦታ ላይ መልሰው የሠሩት ነው።

ነገሩ የኦሃዮ ሸለቆ ነው። ፈረንሳይም የኔ ነው፣ እንግሊዝም የኔ ነው ይላሉ። በ1754 እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር ለእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ለቨርጂኒያ ጦር ይመራ የነበረው የ22 ዓመቱ ጆርጅ ዋሽንግተን አንድ የፈረንሳይ ጓድ በድንገት ያዘ፤ አዛዡ ጁሞንቪል ተገደለ። ፈረንሳዮች "መልእክተኛ ነበር" አሉ። ጁላይ 3 ቀን የሟቹ ወንድም ቪሊዬ ጦር ይዞ መጣና ዋሽንግተን የመሸገበትን ይህን አጥር ከበበው። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ወረደ፤ ጉድጓዱ ውኃ ሞላ፣ ባሩዱ ረጠበ።

ማታ የእጅ መስጫው ውል በፈረንሳይኛ ተጽፎ መጣ። ዋሽንግተን ቋንቋውን አያውቅም። ቫን ብራም የሚባል ሆላንዳዊ የራሰውን ወረቀት በሻማ እያየ አነበበለት። ጽሑፉ ጁሞንቪል በግፍ መገደሉን ይናገራል፤ ዋሽንግተን በኋላ እንዳለው የተነገረው ግን "ሞት" የሚል ብቻ ነው። ፈረመ። ፈረንሳዮችም "ነፍሰ ገዳይነቱን በፊርማው አመነ" አሉ። ቫን ብራም በመያዣነት ለፈረንሳዮች ተሰጠ፤ ቨርጂኒያ ላይ ደግሞ ከሃዲ ተባለ። አንጀቴን የበላኝ እሱ ነው።

የውጫሌ አንቀጽ 17 ትዝ አለኝ። የኛው ግን ተረጋግተው፣ ቀን በብርሃን የጻፉት ነው። ይኼኛው ሌሊት፣ በዝናብ፣ ቁስለኛ እያቃሰተ የተነበበ ነው። እኔ አልፈርድበትም።

ከዚያ ጦርነቱ ገፋ፤ በ1759 ኩቤክ ወደቀች፣ በ1763 ፓሪስ ላይ ፈረንሳይ ካናዳን ለእንግሊዝ ለቀቀች። የአገሩ ተወላጆች፣ የሾኒና የደላዌር ሕዝቦች፣ በዚያው ሸለቆ ይኖሩ ነበር። ፓሪስ ላይ ማንም አልጠራቸውም፤ ለነሱ አስተርጓሚ እንኳ አላስፈለገም። አጥሩ ሥር ቆሜ ያቃጠለኝ ይኸ ነው።

አንተ ብትሆን በዚያ ሻማ ያቺን ቃል ምን ብለህ ትመልሳት ነበር? ጻፍልኝ፤ እኔም ከእንግዲህ አልጠፋም።

ወንድምህ