ስለ ዶክተር ኪልቦርን ያልተነገረው

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ኢንፍሉዌንዛ ክትባት ተመራማሪዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ ዶክተር ኤድዊን ኪልቦርን በአንድ አንቀጽ፣ ያውም በ1976ቱ የአሜሪካ የአሳማ ኢንፍሉዌንዛ ክትባት ዘመቻ ብቻ ተነሥተው ታልፈዋል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በእንቁላል የሚመረተው የኢንፍሉዌንዛ ኤ ክትባት ዛሬም በአብዛኛው የሚዘጋጀው እሳቸው በዘረጉት ዘዴ ነው። ስለዚህ ዘዴው ምን እንደሆነና የት ላይ እንደሚሰናከል፣ ሥራው ላይ ያለን ሰዎች ጥቂት ብንጨምር ደግ ነው።

ከታማሚ አፍንጫ ወይም ጉሮሮ በቀጥታ የተወሰደ ቫይረስ በዶሮ እንቁላል ውስጥ እንደ ልብ አይራባም። የተለመደው ክትባት ደግሞ በአንድ መርፌ ከእያንዳንዱ ዝርያ 15 ማይክሮግራም ሄማግሉቲኒን (ቫይረሱ ሕዋስ ላይ የሚጣበቅበት የላይ ፕሮቲን) መያዝ አለበት። ቫይረሱ አልበዛም ካለ ፋብሪካው እንቁላል ቢቆልል አይደርስለትም። የዓለም ጤና ድርጅት ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ዝርያዎቹን የሚመርጠው በፌብሩዋሪ ሲሆን፣ ክትባቱ ብርዱ ሳይገባ መድረስ አለበት።

ኪልቦርን የተጠቀሙት ፒአር8 በሚባል ቫይረስ ነው። በ1934 ፖርቶ ሪኮ ውስጥ ተገኝቶ በላቦራቶሪ ሲራባ የኖረ፣ እንቁላልን የለመደ ነው። በ1960 መርፊ ከተባሉ ተመራማሪ ጋር ባሳተሙት ጥናት የእስያውን ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከፒአር8 ጋር አዳቅለው፣ በእንቁላል የመራባት ጠባይ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚተላለፍ አሳዩ። በ1968 ከተነሣው የሆንግ ኮንግ ኢንፍሉዌንዛ ያዘጋጁት ኤክስ-31 የተባለ ቅይጥ ቫይረስ ደግሞ በ1971 ለክትባት ዋለ።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። የ10 ወይም የ11 ቀን ጽንስ የያዘ እንቁላል በሁለቱም ቫይረሶች ይወጋል። የኢንፍሉዌንዛ ኤ ዘረመል በ8 ቁርጥራጭ የተከፈለ ስለሆነ፣ ሁለቱ በገቡበት ሕዋስ ውስጥ ሁለቱን ወላጆች ጨምሮ 256 ዓይነት ጥምረት ሊወለድ ይችላል። የሚፈለገው ሄማግሉቲኒኑና ሌላው የላይ ፕሮቲን ኒውራሚኒዴዙ ከአዲሱ፣ የቀሩት 6 ከፒአር8 የሆነው ነው። ለዚህም የፒአር8ን የላይ ፕሮቲኖች የሚያመክን ሴረም (ፀረ እንግዳ አካል ያለበት የደም ፈሳሽ) ተጨምሮ ቅይጡ እንደገና ይራባል። ሴረሙ ደካማ ከሆነ ፒአር8 ራሱ ተርፎ ሁሉን ይውጣል። ሄማግሉቲኒኑን ብቻ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ የፒአር8 ኒውራሚኒዴዝ ሾልኮ ያልፋል። ከዚያ ፈሳሹን ደጋግሞ እያቀጠኑ ከአንድ ቫይረስ የተገኘ ዘር መለየት ያስፈልጋል። በጥድፊያ ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው እጁ ላይ ያለው ድብልቅ ነው፤ ጥቂት ዙር ካራባው በኋላ ፈጣኑ ብቻውን ይቀራል፣ ፈጣኑ ደግሞ የተፈለገው ላይሆን ይችላል።

አንባቢ የማይጠረጥረው ብክነትም አለ። እንቁላሉ ከ33 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ ፈሳሹ ከመቀዳቱ በፊት በ4 ዲግሪ ማደር አለበት። ሳይቀዘቅዝ ከተከፈተ የደም ሥሮቹ ይደማሉ፣ ቫይረሱም ቀይ የደም ሕዋሳቱ ላይ ተጣብቆ አብሯቸው ይወገዳል። ቫይረሱ እያለ ምርቱ ያነሰ የሚመስለው በዚህ ነው።

የኪልቦርን ዘዴ የማይፈታው ችግር ግን አለ፤ አለመናገሩ ትክክል አይሆንም። ሄማግሉቲኒኑ ራሱ ለእንቁላል ሲል ይለወጣል። በ2016–17ቱ የኤች3ኤን2 (አንዱ የኢንፍሉዌንዛ ኤ ዓይነት) ክትባት፣ በሰው መካከል ሲዛመት የነበረው ቫይረስ ፕሮቲኑ ላይ የያዘው ስኳር በእንቁላል በተራባው የክትባት ዘር (መነሻ ቫይረስ) ላይ ጠፍቶ ተገኝቷል። ምርጫው ትክክል ሆኖም ክትባቱ ሊደክም ይችላል ማለት ነው። «ባለሙያዎቹ ገምተው ሳቱ» የሚለው ወሬ ይህን አያውቅም።

ወደ 1976 ስንመለስ፣ ኪልቦርን ዘመቻውን ደግፈዋል፣ የዘር ቫይረሱን ኤክስ-53ንም አዘጋጅተዋል። አሜሪካ ውስጥ 45 ሚሊዮን ያህል ሰው ተከተበ። የተፈራው ወረርሽኝ አልመጣም፤ በአንዳንድ ተከታቢዎች ላይ በታየው ጊያን-ባሬ በተባለ የነርቭ ሕመም ሳቢያም ዘመቻው በዲሴምበር ቆመ። መወቀስ ያለበት ካለ ሁሉን አሁኑኑ እንከትብ የሚለው ውሳኔ ነው፤ ዘሩ ሥራውን ሠርቷል። እንዲያውም ከዚሁ ከኤክስ-53 ውስጥ በእንቁላል በብዛት የሚራባና በጥቂቱ የሚራባ ሁለት ዓይነት ለይተው፣ ልዩነቱ ሄማግሉቲኒኑ ላይ መሆኑን በ1978 አሳትመዋል። ከላይ ያነሣነው የእንቁላል ጣጣ ያኔ እጃቸው ላይ ነበር።

ኒውራሚኒዴዝም በክትባቱ ውስጥ ተገቢው ቦታ እንዲሰጠው ሲሟገቱ ኖረዋል። በእሱ ላይ የሚነሣ ፀረ እንግዳ አካል ቫይረሱ ከሕዋስ እንዳይለቀቅ ስለሚይዝ ሕመሙን ያቀልላል። ዛሬም የክትባቱ መጠን የሚለካው በሄማግሉቲኒን ብቻ ነው፤ በብልቃጡ ውስጥ ምን ያህል ኒውራሚኒዴዝ እንዳለ የሚያስገድድ መለኪያ የለም፣ ከአምራች አምራችም ይለያያል። ቀጣይ ጽሑፍ ካላችሁ ከዚህ ብትጀምሩ እንወዳለን።

በክትባት ምርት ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች