ካርዱ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመርልን፦ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፣

የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ከባለቤቴ ጋር በተገናኘን ቁጥር በምላጭ እንደመቆረጥ ያመኝ ነበር። ለድኅረ ወሊድ ክትትል ስሄድ የደም ግፊቴ ተለካ፣ ጡቴ ታየ፣ ልጄ ተመዘነ። ስለዚህ ግን የጠየቀኝ የለም። እፍረቴን ውጬ ራሴ ስናገር «ትለምጂዋለሽ» ተባልኩ። ሁለት ዓመት ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት፤ ባለቤቴም የጠላሁት መስሎት ነበር።

በኋላ ያየችኝ ሐኪም በመጀመሪያ የጠየቀችኝ «መግቢያው ላይ ነው ወይስ ወደ ውስጥ ጠልቆ?» ብላ ነው። ይህች ጥያቄ ብዙ ነገር ትለያለች። መግቢያው ላይ ሲያም ድርቀት፣ ኢንፌክሽን፣ በወሊድ ጊዜ የተሰፋ ቁስል ጠባሳ ወይም ቫጂኒስመስ፣ ማለትም የብልት ጡንቻ ያለ ሴቲቱ ፈቃድ መኮማተር ሊሆን ይችላል። ጠልቆ ሲያም ደግሞ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ሲያድግ)፣ የማህፀን ዕጢ ወይም የማህፀንና የቱቦ ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። ኢንዶሜትሪዮሲስ ብቻውን በዓለም ላይ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ገደማ፣ 190 ሚሊዮን ያህሉን እንደሚይዝ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል።

የእኔ ጠባሳና ድርቀት ነበር። የምታጠባ ሴት ኤስትሮጅኗ ስለሚቀንስ ብልቷ ይደርቃል፤ ያረጠችም እንዲሁ። በውሃ የተሠራ ማለስለሻና የዳሌ ወለል ጡንቻን፣ ማለትም ማህፀንንና ፊኛን ከሥር የሚደግፈውን ጡንቻ፣ የሚያፍታታ ፊዚዮቴራፒ በጥቂት ወራት አሻሉኝ። መድኃኒቱ ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ ያን ሁሉ ጊዜ መሰቃየቴ ዛሬም ያንገበግበኛል።

የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። በድኅረ ወሊድ፣ በቤተሰብ ዕቅድና በማረጥ ዕድሜ ክትትል ካርዶች ላይ «በግንኙነት ጊዜ ያምሻል? የት ላይ?» የሚል መስመር ይጨመር። ጥያቄው ባልም ዘመድም በሌለበት፣ ሴቲቱ ብቻዋን ስትሆን ይጠየቅ፤ ሕመሟ ከተፈጸመባት ጥቃት የመጣ ሊሆን ይችላልና። ባለሙያዎችም ከመመርመራቸው በፊት ፈቃዷን መጠየቅን፣ አመመኝ ስትል ማቆምን በሥልጠናቸው ይማሩ። ምርመራው ራሱ ካሳመማት ተመልሳ አትመጣም።

ያኔ የተከታተለችኝ አዋላጅ ነርስ ደግ ሴት ነበረች። ካርዱ ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ትጠይቀኝ ነበር፤ እኔም እዚያው እነግራት ነበር።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት እናት