ለቮልስም የልደት ወረቀት ይሰጠው
ግልጽ ደብዳቤ ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር

ይድረስ ለተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፤

የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። መካኒክ ነኝ። ከጋራዤ ደጃፍ ቮልስና ላንድሮቨር አይጠፋም፤ አልፎ አልፎም የጎጃምን ጤፍ ጭኖ የዓባይን በረሃ ሲወርድና ሲወጣ የኖረ ኤንትሬ የጭነት መኪና ይመጣል።

ለአሮጌ መኪኖቻችን የተሠሩበትን ዓመት የሚያስረዳ ወረቀት እንዲሰጥ ልለምን እንጂ ስለ ግብር ልሟገት አልተነሣሁም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር እስከ 500 በመቶ ማስከፈሉ የሌላው አገር ጥራጊ እዚህ እንዳይራገፍ ነውና ደግ አድርጓል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተወሰነ። እንግዲህ ያሉን አሮጌ መኪኖች እነዚሁ ናቸው። እነሱም እየሄዱብን ነው፤ ከፊሉ በኪሎ ለብረት ማቅለጫ፣ ከፊሉ ለውጭ ገዢ።

ባሕር የተሻገረው የሚጠብቀውን እዩት። አሜሪካ 25 ዓመት የሞላውን መኪና ከፌዴራል የደኅንነት መመዘኛዋ ነጻ አድርጋ ታስገባለች። ጀርመን 30 ዓመት ያለፈውን፣ ይዞታው እንደ ጥንቱ ከሆነ፣ በባለሙያ አስመርምራ በሰሌዳው መጨረሻ ላይ «ታሪካዊ» ለማለት ኤች የምትል ፊደል ትጨምርለታለች። እንግሊዝ 40 ዓመት የሞላውን ከመንገድ ግብር ነጻ ታወጣዋለች፤ በአብዛኛው ዓመታዊ ምርመራውንም ትተውለታለች። ይህን የመጨረሻውን እንኳ አልወደድኩላቸውም። የአርባ ዓመት ፍሬን ሳይታይ መንገድ ይውጣ ወይ? ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ቁልቁል የነዳ ሰው ይፍረደኝ።

እነዚህ አገሮች ሁሉ መኪናው የተሠራበትን ዓመት የሚያስረዳ ማስረጃ ይሻሉ። የእኛ ጣጣ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው። አንድ ደንበኛዬ ቮልሱን አውሮፓ ላለ ወንድሙ ላከ። የዚያ አገር መዝጋቢ ዓመቱን አረጋግጡልኝ ሲል፣ ደንበኛዬ ፋይሉ ወዳለበት መሥሪያ ቤት ሄደ፤ ስሙ ይቆየኝ። መልሱ «ሊብሬው ላይ አለ» ሆነ። ሊብሬው 1964 ይላል። በማን አቆጣጠር? በእኛ ከሆነ መኪናው የ1971 ወይም የ1972 ሥሪት ነው፤ በፈረንጅ ከሆነ ዕድሜው በሰባት ስምንት ዓመት ይበልጣል። ደግሞስ የተሠራበት ዘመን ነው ወይስ ታርጋ ያወጣበት? ይህ ሁሉ ሲጣራ መኪናው ወደብ ላይ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥር ነበር።

መፍትሔው ከኋላ ወንበር ሥር ተቀምጧል። የቮልስ ሻንሲ ቁጥር፣ ማለትም አካሉ ላይ የተመታው መለያ ቁጥር፣ ያለው እዚያ ነው፤ በፈረንጅ ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። በ112 ከጀመረ የ1972 ነው፣ አለቀ። የሞተር ቁጥርን ግን አትመኑ፤ እዚህ አገር ሞተሩ ያልተቀየረ ቮልስ ማግኘት ዕድል ነው።

የምለምነው ይህን ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለ፤ በእሱ ሥር 30 ዓመት ላለፋቸውና ይዞታቸው ለተጠበቀ መኪኖች «ታሪካዊ ተሽከርካሪ» የሚል መደብ ይከፈት። ሻንሲው በባለሙያ ታይቶ፣ የተሠራበት ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ለባለቤቱ ይሰጠው። ሊሸጥ የወጣ መኪናም ከመሄዱ በፊት በዚሁ መዝገብ ይስፈር፤ ቢያንስ ምን እንደነበረን እናውቃለን። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር፤ የዚህ አገር ቮልስ እንደ ማንኛውም ያገለገለ ዕቃ የሚታይ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን ከውጭ አትቅዱ። ዓለም አቀፉ የጥንት መኪኖች ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ መኪናው ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ እንዳያገለግል ይላል። ለኤንትሬ ባለቤት ይህ አይሆንም፤ ልጆቹን የሚያበላው በእሱ ነው። ቦሎውን በየዓመቱ እየተመረመረ እስከወሰደ ድረስ እየሠራ ታሪካዊ ይባል።

ክፍያ ካለው እንከፍላለን። ሻንሲ የሚያነብ ሰው ካጠራችሁም እኛ የማርቆስ መካኒኮች ቅዳሜ ቅዳሜ እንመጣለን፤ አበል አንጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የደብረ ማርቆስ መካኒክ