ዝንጀሮ አታብሉ፣ ሃይላንዱንም ይዛችሁ ተመለሱ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ቅዳሜ ከቤተሰቤ ጋር አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሄደን ነበር። ልጆቼ ሳላ በአካል ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው፤ ያ ቀንዱ ረዥም፣ ፊቱ ጥቁርና ነጭ የሆነው ውብ እንስሳ። ሞተር አጥፍተን ዝም ብለን አየነው።

ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ግን በጣም አዘንኩ። ከአንድ መኪና ውስጥ ለዝንጀሮዎች ዳቦና ሙዝ ይወረወራል። ትንሽ ቆይቶ አንድ ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ በመስኮቱ እጁን ሰዶ ፌስታሉን ከሴትየዋ እጅ መንጭቆ ሄደ፣ ዳቦውን ጨርሶም ፌስታሉን ማኘክ ጀመረ። ሰው ሳቀ። እኔ ያየሁት አጠገቡ የቆመችውን የስድስት ዓመት ልጄን ነው። የለመደ ዝንጀሮ ሰው አይፈራም፣ ሲከለከል ደግሞ ይናከሳል። እባካችሁ አታብሉ!

ወንዙ ዳር የሃይላንድ ፕላስቲክ ተበትኗል። አዋሽ እኮ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው፤ አፋር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። የጣልነው ሁሉ ከኛው ጋር ነው የሚቀረው። ለሰልፊ ብላችሁ ውሃው ጠርዝ የምትቆሙ ልጆችም ተጠንቀቁ፣ አዞ አለበት።

ሹፌሮችም አደራ። የጅቡቲው አስፋልት ፓርኩን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው፤ በተለይ ማታ ፍጥነት ቀንሱልን።

የፓርኩ ኃላፊዎች ትኬት ሲቆርጡ ለእያንዳንዱ መኪና ሁለት ደቂቃ ወስደው ይህንኑ ቢያስረዱ፣ ስንወጣም ቆሻሻችንን ይዘን መውጣታችንን ቢያዩ ደስ ይለኛል። እኛ ሦስት ፌስታል ሙሉ ለቅመን ነው የተመለስነው።

ከአዲስ አበባ፣ አንድ አባት