መድኃኒት አትላኪልኝ

ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ

ይድረስ ለውድ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ሥራሽ ሁሉ ደህና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ አሁንም ታነሳሻለች። "ያቺ የወረታዋ ልጅ መቼ ነው የምትመጣው?" ትላለች።

ዝምታችን ረዘመ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶብን እንደነበር ታውቂያለሽ። ከተመለሰም በኋላ የምጽፈው ሁሉ መርዶ እየሆነብኝ ስጀምር ስተወው ቆየሁ። ዛሬ ግን ሌላ ወሬ ይዣለሁ። ረዘም ስለሚል ቡናሽን አፍልተሽ ቁጭ በይ።

እዚያ አሜሪካ ሐሙስ ማታ ከሥራ ስትወጪ ነጻ ክሊኒክ ገብተሽ በበጎ ፈቃድ እንደምትሠሪ ከክፍል ጓደኛችን ሰማሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እኛም እዚህ አንድ ነገር ጀምረናል። ቅዳሜ ከሰዓት በሰፈራችን የእድር አዳራሽ መክፈል የማይችል ሰው በነጻ እናያለን። ሁለት ነርሶች፣ አንድ ጤና መኮንን፣ አንዲት ፋርማሲስትና ጥቂት የሕክምና ተማሪዎች ነን። የምንሠራው በጤና ጣቢያ ፈቃድና ክትትል ነው፤ ያለዚያ አይሆንም። አዳራሹንና ወንበሩን የሰጠን እድሩ ነው። ሰብሳቢው "የምንሰበሰበው ሰው ሲሞት ብቻ ለምን ይሆናል?" አሉና በዚያው ጸደቀ።

ስለ አንቺ ክሊኒክ ስነግራቸው ተማሪዎቹ ግራ ገባቸው። አሜሪካ ውስጥ ነጻ ክሊኒክ ለማን ነው አሉ። ድሮ ከነገርሽኝም፣ ካነበብኩትም አስረዳኋቸው። የጤና መድን የሌለው ሰው እዚያም 26 ሚሊዮን ገደማ ነው። ብዙው ሥራ ያለው ሰው ነው። መድኑ በአብዛኛው ከመሥሪያ ቤት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሥራው ሲቋረጥ መድኑም አብሮ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው ሕግ መሠረት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍሉ የመጣን ሰው ገንዘብ የለህም ብሎ ሳያየው መመለስ አይችልም። ሂሳቡ ግን በኋላ ቤቱ ድረስ ይመጣል። የየወሩ የግፊት ኪኒንም በዚያ ሕግ ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሕግ ብዙ ሰው መድን ውስጥ አስገብቷል፤ ሁሉንም ግን አላዳረሰም። እ.ኤ.አ. በ1967 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ ሃይት አሽበሪ በሚባለው ሰፈር፣ ዴቪድ ስሚዝ የሚባል ወጣት ሐኪም ነጻ ክሊኒክ የከፈተው ሕክምና መብት ነው ብሎ ነው። ይህን ስነግራቸው አንዷ ተማሪ ማስታወሻዋን አውጥታ ጻፈችው።

የኛ ሰው ደግሞ ሌላ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑን ታውቂዋለሽ። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ያንቺ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩበት። እኔ በመድኑ አምናለሁ። በዓመት አንዴ አዋጥቶ ዓመቱን መታከም ለገበሬውም ለጉልት ቸርቻሪዋም ትልቅ ነገር ነው። ምንም ለሌለው ደግሞ መንግሥት መዋጮውን የሚሸፍንበት መንገድ አለ። ችግሩ መድኑ የሚመዘግበው በቀበሌ፣ በቤተሰብ መሆኑ ነው። ከገጠር መጥቶ ዘንዘልማ ወይም ሰባታሚት በኩል አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይቶ የቀን ሥራ የሚሠራው ልጅ በየትኛው ቤተሰብ ይመዝገብ? መታወቂያው የሌላ ወረዳ ነው። አባቱ አገር ቤት መድን ቢኖራቸውም ካርዱ የሚያገለግለው እዚያው አካባቢያቸው ባለው ጤና ጣቢያ ነው። የቤት ሠራተኛዋም እንዲሁ። በጦርነቱ ተፈናቅላ ዘመድ ቤት የተጠጋችውም እንዲሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡልን እነዚህ ናቸው። መድን ያላቸውም ይመጣሉ፤ ጤና ጣቢያው "መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ" ብሏቸው መግዣ ያጡ።

መጀመሪያ የምንሠራው ሥራ ምን እንደሆነ ብነግርሽ ይገርምሻል። ነጻ የሆነውን ነገር ነጻ ነው ብሎ መንገር! የቲቢ፣ የኤችአይቪ፣ የክትባት፣ የእርግዝና ክትትልና የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ሞልቷል። ሰባት ወር ሆኗት አንድም ቀን ክትትል ያልጀመረች ልጅ መጥታ ነበር። "ገንዘብ ይጠይቁኛል ብዬ ፈርቼ ነው" አለች። በነጋታው አይደለም፣ ሰኞ ጠዋት ከተማሪዎቹ አንዷ ይዛት ሄደች። ያ ቀን የኔ ትልቁ ቀን ነበር።

አንድ ልጅ ደግሞ ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ ተመልሶ ትኩሳቱ አልለቀው ብሎ መጣ። ከስቷል፣ ሆዱ ግን ተነፍቷል። ደጋግሞ የወባ መድኃኒት ገዝቶ ወስዷል። ጤና መኮንናችን ሆዱን ዳሰሰና ዝም ብሎ አየኝ። ጣፊያው ወርዶ እምብርቱ ጋ ደርሷል። በ1997 ዓ.ም. በናንተ በኩል ሊቦ ከምከም ላይ የተነሳውን ካላዛር፣ ያንን በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውን በሽታ፣ ታስታውሺያለሽ? ያኔም መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ስንት ሰው ሄደ። ልጁን የዚያኑ ዕለት ሪፈር ጽፈን ላክነው። ተመርምሮ ካላዛር ሆነ፤ መድኃኒቱን ጀምሯል። እኛ የሰጠነው ኪኒን የለም። የሰጠነው ጊዜና ትክክለኛ አድራሻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ አባት አሉ፤ ሌሊት ሌሊት ግንባታ ቦታ ይጠብቁ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በፊት የሆነ ድርጅት ነጻ የምርመራ ዘመቻ አድርጎ ድንኳን ተተክሎ፣ ባነር ተሰቅሎ ሕዝቡ ተሰልፎ ነበር። እሳቸውም ተሰለፉ። ግፊታቸው በጣም ከፍ ብሎ ተገኘና የአንድ ወር አምሎዲፒን ተሰጣቸው። ዘመቻው አለቀ፣ ድንኳኑ ተነሳ። ኪኒኑም አለቀ። እሳቸው ደግሞ ምንም አላመማቸውም። "ደህና ነኝ ብዬ እኮ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። ይህን የሚነግሩኝ አፋቸው ወደ አንድ በኩል ተጣሞ፣ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሎ ነው። ሴት ልጃቸው ደግፋ አመጣቻቸው። ሥራው ቀረ። እሷም እሳቸውን ለመጠበቅ ከምትሠራበት ምግብ ቤት ቀረች።

እኔ በዚያ ዘመቻ የተሳተፉትን ሰዎች አልወቅስም። ደክመዋል፣ ከልባቸው ነው። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ቁርጥ ብሎ ገባኝ፤ አንቺም እንድትሰሚኝ እፈልጋለሁ። በአንድ ቀን የሚያልቅ ሕክምና አለ፤ በአንድ ቀን የማያልቅ አለ። የዓይን ሞራ ተገፎ በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ የልጅ ልጁን ፊት ያየ ሰው ዘመቻው በቂው ነው። እዚሁ ከተማችን እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው የሐምሊን ፌስቱላ ማዕከልም ሴቶቹን በነጻ ጠግኖ፣ አስታሞ ወደ ቤታቸው ይሸኛል። እንዲህ ያለው ሥራ ይባረክ። ግፊት፣ ስኳር፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ ግን የዕድሜ ልክ ነገር ነው። ለነዚህ ሰዎች የሚያስፈልገው በየሳምንቱ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት የሚከፈት በር ነው፤ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው፣ ሲቀሩ ደግሞ "ለምን ቀሩ?" ብሎ የሚደውል። ግፊት ለክተሽ "ከፍ ብሏል" ብለሽ ትተሽው ከሄድሽ አላከምሽውም።

ስለዚህ እኛ ትንሽ ሰው ነው የምናየው። ሰልፉን ለማሳጠር ስትሉ በሩን ትዘጋላችሁ የሚሉን አሉ። ያማል፤ ምክንያቱም እውነታቸውን ነው። ግን ዛሬ ያየነውን ሰው በወሩ መልሰን ማየት ካልቻልን አዲስ አንቀበልም ብለን ወስነናል። ድንገተኛ ከሆነ ሌላ ነው፤ ወዲያው በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ነው። እያንዳንዱ ታካሚ ካርድ አለው። ካርዱ ላይ የግፊቱ ልክ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የጎረቤት ስልክና "መድን ገብቷል ወይ?" የሚል መስመር አለ። ያ መስመር ለኔ ከሁሉ ይበልጥብኛል። ከእድሩ ሽማግሌዎች አንዱ ታካሚዎቻችንን ይዘው ቀበሌ ይሄዳሉ። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ እዚህ የኖረ ሰው መታወቂያ እንዲያወጣ፣ ከዚያ መድን እንዲገባ ይሟገቱለታል። እኛ ጋ መምጣት ያቆመ ሰው መድን ገብቶ ከሆነ ያቆመው እልል ነው የምለው።

አሁን ደግሞ ካንቺ የምፈልገው። ለጓደኛችን "ሻንጣ ሙሉ መድኃኒት ልልክላቸው ነው" ብለሻል አሉ። እህቴ፣ ልብሽን አውቀዋለሁ፤ ግን አትላኪ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ የሚለገስ መድኃኒት አገር ሲገባ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ ሊቀረው ይገባል ይላል፤ እዚያው አገር በሚታወቀው ዓይነትና በሚነበብ ቋንቋ እንዲሆንም ያዛል። በሻንጣ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ይህን አያሟላም። ግማሽ ብልቃጥ ከዚህ፣ ግማሽ ከዚያ ይሆንና ፋርማሲስታችን ስትለይ ትውላለች። ከዚያም አልፎ በሽተኛው አንድ ወር ያንቺን ኪኒን ለምዶ በወሩ እዚህ የማይገኝ ሆኖ ያርፈዋል። የስኳር መለኪያም እንዲሁ። ማሽኑን የሚሰጠን ብዙ ነው። የደም ጠብታው የሚነካበት ስትሪፕ ግን የየማሽኑ የራሱ ነው፤ ሲያልቅ ከገበያ አይገኝም። መሳቢያችን ውስጥ ስትሪፕ የሌላቸው ደህና ደህና ማሽኖች ተቀምጠዋል። እዚህ የሚሸጠውን የግፊትና የስኳር ኪኒን፣ አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና ሜትፎርሚን፣ በብር ብንገዛ ይሻለናል። መርዳት ካማረሽ የአንድ ሰው የዓመት ኪኒን ግዢ። ገንዘቡን በእድሩ ሒሳብ እንጂ በኔ ስም አትላኪው፤ ደረሰኙን ይልኩልሻል።

ከገንዘብ በላይ የምፈልገው ግን ልምድሽን ነው። እናንተ ጋ የቀረ በሽተኛን ማን ነው የሚደውልለት? የልብ ወይም የኩላሊት ሐኪም ሲያስፈልግ በነጻ የሚያይላችሁን እንዴት ነው ያግባባችሁት? እኛ እዚህ ላይ ተቸግረናል። ሪፈር እንጽፋለን፤ በሽተኛው ከዚያ ደርሶ የአልትራሳውንድ መክፈያ አጥቶ ይመለሳል። ፈቃደኛ ሠራተኛ ሲሰላችና ሲቀርስ ምን ታደርጋላችሁ? ተማሪዎቹ ፈተና ሲደርስ ይጠፋሉ፤ እኔም ከሳምንት ሥራ በኋላ እግሬ የማይሸከመኝ ቀን አለ።

ቅዳሜ በኛ ዘጠኝ ሰዓት ባንቺ ገና ጠዋት ነው። ኔትወርኩ ከፈቀደ በስልክ ገብተሽ ለተማሪዎቹ የስኳር በሽተኛ እግር እንዴት እንደሚፈተሽ ብታስተምሪያቸው ምን ይመስልሻል? አንቺ ክፍል ውስጥ ሆነሽም ከመምህሮቻችን በላይ የምታስረጂን አንቺ ነበርሽ። መጀመሪያ ግን የምትጠቀሙበትን ባዶ የክትትል ካርድ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። የመድን ምዝገባው ሳይዘጋ የኛን ማስተካከል እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ ከጥምቀት በፊት ይሁን።

እማዬ ሳሚልኝ ብላለች። ልጆቹንም ሳሚልኝ።

የምትወድሽ እህትሽ