የዲኤክሷ ባትሪ

ይድረስ ለውድ አባባ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዲኤክሷ መኪናዎ ጠዋት ጠዋት አልነሳም እያለች እንደምታስቸግርዎና ባትሪ ሊገዙ እንዳሰቡ እማማ ነግረውኛል። ብር ከመውጣቱ በፊት ጥፋቱ የባትሪው መሆኑ ይረጋገጥ።

መኪናዋ ቆማ ካደረች በኋላ፣ ሞተር ሳይነሳ፣ ባትሪው በቴስተር ይለካ። 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ገደማ፤ ከ12 በታች ባዶ ማለት ይቻላል። ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲያዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው አርጅቷል። ሞተሩ ተነስቶ ትንሽ ነዳጅ ሲሰጡት ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 መድረስ አለበት። ያን ካልደረሰ ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው ዲናሞ ደክሟል ወይም እሱን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል፤ አዲስ ባትሪ ቢያስገቡም ብዙ ሳይቆይ ይተኛል። ከ15 ካለፈ ቻርጁን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተበላሽቶ ባትሪውን እያፈላው ነው። ሰው ባትሪ በባትሪ ላይ እየገዛ የሚከስረው ይህን ሳያስለካ ነው።

መለወጥ ካለበት ለዲኤክስ ባለ 45 ወይም ባለ 50 አምፔር ይበቃታል። ሻጩ «ባለ 70ው ጉልበት አለው» ቢልዎ አይስሙት። ዲናሞውን አይጎዳም፣ ግን ማስቀመጫው ላይ አይቀመጥም፤ ቁመቱ ከበለጠም ገመድ የሚታሰርበት ፖል ኮፋኖውን ነክቶ እሳት ያስነሳል። ፕላሱ በየትኛው ጎን እንደሆነ ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ፣ ከተገለበጠ ገመዱ አይደርስም። የፖሉ ውፍረትም ይታይ። ቀጭን ፖል ላይ ቆርቆሮ ጠቅልለው የሚያጠብቁ አሉ፤ እሱ ይሞቃል፣ ይላላል፣ ጠዋትም አያስነሳም።

አሲድ ተሞልቶ ሱቅ ውስጥ ከ6 ወር በላይ የተቀመጠውን ይተዉት። ደረቁን ገዝተው አሲዱ እዚያው የሚሞላ ከሆነ፣ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች እስኪጠጡ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ፣ ከጎደለ በዚያው አሲድ ይስተካከል፣ ከዚያ ቻርጅ ይደረግ። አሲድ የሚጨመረው ያኔ ብቻ ነው።

ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቅደም፣ ሲገጠም ኔጋቲቩ ይከተል። አለበለዚያ የፕላሱን ቡሎን የያዘው ቁልፍ ቦዲውን ቢነካ ብልጭታው እጅ ያቃጥላል። ማሰሪያው ብረት በደንብ ይጥበቅ፤ የኮብልስቶኑ ንዝረት ሳህኖቹን ይሰባብራል። ባትሪው ከባድ ነውና ልጆቹ ያንሱት፣ ወገብዎን ይጠብቁ።

አሁን ዋናው፣ ውሃው። ባሕር ዳር ላይ ባትሪ የሚገድለው ሙቀት ነው፤ በተለይ ከየካቲት እስከ ግንቦት ውሃው ቶሎ ይተናል። በእነዚህ ወራት በየ15 ቀኑ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ስድስቱንም ክዳን ከፍተው ይዩ። ፈሳሹ ሳህኖቹን በ1 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሸፈን አለበት። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧም፣ የሐይቅም፣ የታሸገ የመጠጥ ውሃም ማዕድን ስላለው ሳህኑን ያበላሻል። ባትሪ ሲደክም «ትንሽ አሲድ ይጨመርለት» የሚል አይጠፋም፤ እሺ እንዳይሉ። የሚተነው ውሃው ነው፣ አሲዱ እዚያው ቀርቷል፤ ሲደራረብበት ሳህኑን ይበላዋል። እስከ አፉም አይሙሉት፣ ቻርጅ ሲሆን ያብጥና ይፈሳል። አንዱ ጉድጓድ ብቻ ቶሎ ቶሎ የሚጎድል ከሆነ ያ ክፍል ሞቷል፤ ባትሪው ብዙ አይቆይም።

ፖሉ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካዩ በሙቅ ውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ያሳጥቡት። ክዳኖቹ ጥብቅ ይሁኑ፣ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፈግ፣ ይታሰር፣ ከላይ ቫዝሊን ይቀባ። ሲከፍቱት ሲጋራም ሻማም አጠገቡ አይድረስ፣ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል።

ከሽምብጥ እስከ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ ገበያ፣ ከዚያ ቤት፤ ይህ መንገድ ለባትሪው አጭር ነው። ሞተሪኖው የወሰደውን ዲናሞው ሳይመልስ ሞተሩ ይጠፋል፤ ጎደሎ ሆኖ የሰነበተ ባትሪ ደግሞ ሳህኑ ላይ ሰልፌት የሚባል ጨው ጠጥሮ ቻርጅ አልቀበል ይላል። በሳምንት አንዴ በጎንደር መንገድ እስከ ሐሙሲት ደርሰው ቢመለሱ ይበቃዋል፤ እማማም ይናፈሳሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ሌሊቱን ባዶ ከሆነ፣ በኋላ የተቀጠለውን አላርምና ቴፕ ይጠርጥሩ። ሁሉም ነገር ጠፍቶ፣ ኔጋቲቩ ተፈቶ፣ ቴስተሩ በገመዱና በፖሉ መካከል ሲገባ ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ካነበበ ፊውዝ በፊውዝ እየነቀሉ ጠጪውን ማግኘት ነው። ቴስተሩ እንደዚያ ገብቶ ሳለ ግን ሞተር እንዳይነሳ፣ ይቃጠላል።

አሮጌውን ለሻጩ ይስጡት፣ ከዋጋው ይቀንስልዎታል። አሲዱ ግቢ ውስጥ እንዳይደፋ።

እማማን ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ