በአርቮ ፓርት ሰበብ የተጻፈ

ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ስንት ጊዜ ተጠፋፋን! ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ሒሳብ ተወው፤ አንገባበትም።

ሙዚቃ መጻፍ እንዳቆምክ ከእህትህ ሰማሁ። «ምንም አልመጣልኝ አለ» ትላለህ አሉ። ሰሞኑን አርቮ ፓርትን ነው የምሰማው። የሱ ነገር አንተን ይመለከትሃል ብዬ ይኸው ጻፍኩ።

ሰውየው ኢስቶኒያዊ የሙዚቃ ደራሲ ነው፤ በ1935 በፈረንጆቹ የተወለደ። በልጅነቱ ቤታቸው የነበረው ፒያኖ መሀሉ የተበላሸ ስለነበር፣ በላይኛውና በታችኛው ጫፍ እየነካካ ነው ያደገው። በኋላ በኢስቶኒያ ሬዲዮ የድምፅ ባለሙያ ሆኖ ሠራ። የዚያን ጊዜ ሙዚቃው ይጎረብጣል። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ብዙውን አልጨረስኩትም።

በ1968 «ክሬዶ» የተባለ ሥራው በኢስቶኒያ ዋና ከተማ በታሊን ቀረበ። መዘምራኑ በላቲን «በኢየሱስ ክርስቶስ አምናለሁ» ይላሉ። በሶቪየት ዘመን አስበው! ከዚያ በኋላ መድረክ ተነፈገው። ግን ዝም ያሰኘው ክልከላው ብቻ አይመስለኝም። የያዘው መንገድ ራሱ አልቆበት ነበር። እስከ 1976 ድረስ ከአንድ ሲምፎኒና ለእንጀራ ከሚሠራው የፊልም ሙዚቃ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አላወጣም።

እነዚያን ዓመታት ታዲያ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን የጥንት ዜማ፣ ግሪጎርያን የሚባለውን፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ ተቀምጦ አጠና። ደብተር በደብተር ላይ በአንድ ድምፅ ብቻ የሚሄድ ዜማ ሞላ። መዝሙረ ዳዊት አንብቦ ይጽፋል፤ ወፎች ሲበሩ አይቶ ይጽፋል። ለሰው የሚታይ ሥራ ግን አይደለም። በ1972 ኦርቶዶክስ ሆነ። አንድ ቀን ቤቱ ደጃፍ ላይ መንገድ የሚጠርገውን ሰው፣ የሙዚቃ ደራሲ እንዴት አድርጎ ነው መጻፍ ያለበት ብሎ ጠየቀው። ሰውየው እያንዳንዱን ድምፅ መውደድ አለበት አለው። ፓርት ራሱ ነው ይህን የሚያወራው።

ከዚያ «ለአሊና» መጣ። ሁለት ገጽ የምትሆን የፒያኖ ሥራ ናት፤ ጀማሪም ይጫወታታል። አንዱ እጅ ዜማውን ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። ሌላው ከአንድ ኮርድ፣ ማለትም አብረው ከሚስማሙ ሦስት ድምፆች፣ አይወጣም። በቃ! ቀላል ነው እንዳትል፤ መደበቂያ የለውም። አንዷን ኖታ ብታበላሽ ጎረቤት ይሰማሃል። በዓመቱ በ1977፣ «ፍራትረስ»፣ ለእንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ለብሪተን መታሰቢያ በአውታር መሣሪያዎችና በአንዲት ደወል የጻፈው «ካንቱስ»፣ «ታቡላ ራሳ»፣ ሁሉም ተከታትለው ወጡ።

የቀረውን ታውቀዋለህ። በ1980 ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር አገር ለቆ ቪየና፣ ከዚያም በርሊን ገባ። በ1984 ኢሲኤም የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ያወጣለት አልበም ዓለም ሁሉ እንዲያውቀው አደረገ። በ2010 አገሩ ተመልሷል።

እንግዲህ አንተም ደብተር ግዛ። በአንድ ድምፅ ጀምር፣ ለማንም አታሳይ። «ለአሊና»ን ግን ተጫወትና በስልክህ ቀርጸህ ላክልኝ፤ ቁጥሬ ያው የድሮው ነው። እማማን ሳምልኝ። እህትህንም ወሬ ስላቀበለችኝ እንዳትቆጣት።

ያንተው